ሶፍትቦል ወርዋሪዋ ኳስ የማትነካበት ወር ያስፈልጋታል

በሶፍትቦል፣ ኳስ በዱላ በሚመታበት የቤዝቦል ዘመድ ጨዋታ፣ የውድድር ዘመኑ ባለቀ ማግስት የሚጀመር ጥድፊያ አለ። ሜዳው ሲዘጋ ልምምዱ ወደ አዳራሽ ይገባል። ለመቺዋ ኳስ የምትለቀው ወርዋሪ (ፒቸሯ) በሳምንት ሁለቴ ከግል አሰልጣኟ ጋር፣ አንዴ ከቡድኗ ጋር፣ የቀረውን ደግሞ ከአባቷ ወይም ከእናቷ ጋር ትወረውራለች። «አይከብዳትም ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፦ «ሶፍትቦል እንደ ቤዝቦል አይደለም፤ ውርወራው ከታች ስለሆነ ክንድ አይጎዳም።»

ይህ አባባል ስህተት ነው፤ ብዙ የታዳጊዎች ትከሻ የሚበላሸውም በእሱ ነው። የወርዋሪዋ ክንድ ከዳሌዋ ጎን ተነስቶ፣ ከጭንቅላቷ በላይ አልፎ፣ ሙሉ ክብ ሠርቶ ይመለሳል። ኳሱን የምትለቀው እጇ እንደገና ዳሌዋ ጋ ሲደርስ ነው። በዚያች ቅጽበት ክንዷን ከትከሻዋ የሚጎትተው ኃይል ከራሷ የሰውነት ክብደት ጋር የሚቀራረብ እንደሆነ ውርወራውን የለኩ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህን ጉተታ ከሚሸከሙት አንዱ ከላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ነው። የዚህ ጡንቻ ጅማት በትከሻ ፊት በኩል ስለሚያልፍ ወርዋሪዎች ብዙ ጊዜ «እዚህ ጋ» ብለው የሚያመለክቱት ያንኑ ቦታ ነው። በዚያ ላይ በአንድ ቅዳሜ ሁለትና ሦስት ጨዋታ ያለ ቅያሪ የወረወረች ልጅ ውድድሩን የምትጨርሰው ደህና በሆነ ትከሻ ሳይሆን ገና ባልታወቀ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ኳስ የለም። «ቀለል ያለ ውርወራ» የሚባልም የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አንድ ልጅ በዓመት ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 3 ወር ከሚጫወተው ስፖርት እንዲያርፍ ይመክራል፤ አንድ አንድ ወር እየተከፋፈለ ቢወሰድም ይሆናል። በሳምንትም ከ1 እስከ 2 ቀን ነጻ መሆን አለበት። ዕረፍት ሲባል ግን ሶፋ ላይ መተኛት አይደለም፤ እግር ኳስ ትጫወት፣ ብስክሌት ትንዳ፣ ትሩጥ። ብዙ ሰው የሚመክረው ዋና ግን ለወርዋሪ ዕረፍት አይሆንም፤ ክንድ እያሽከረከሩ መዋኘት ለደከመ ትከሻ ያው ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጡት ከ6 እስከ 8 ሳምንታት የጥንካሬ ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ክርክርም እዚህ ላይ ነው። የውርወራ ፍጥነት የሚመነጨው ከመሬት ነው። አንዱ እግር ይገፋል፣ ሌላው ከፊት አርፎ ያቆማል፣ የቆመው ኃይል በዳሌና በወገብ አልፎ ክንድ ጋ ይደርሳል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ሲላላ ዕዳውን የሚከፍለው ትከሻ ነው።

የላላው የት እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ሳጥን ወይም ደረጃ ላይ ልጅቷ በአንድ እግሯ ትቁም። የሌላኛውን እግር ተረከዝ ቀስ ብላ መሬት አስነክታ ትመለስ፤ 5 ጊዜ። ከፊቷ ቆማችሁ የቆመችበትን ጉልበት ተመልከቱ። ጉልበቷ ከሁለተኛው የእግር ጣቷ ትይዩ ከቆየ ደህና ነው። ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ ወይም በአየር ላይ ባለው እግር በኩል ዳሌዋ ዝቅ ካለ፣ የመቀመጫ ጡንቻዋ ሥራውን እየሠራ አይደለም። በቀኝ እጇ ለምትወረውር ልጅ ይህ በግራ እግሯ ላይ ከታየ ነገሩ ከበድ ይላል፤ ከፊት የሚያርፈው እግር እሱ ነውና። ጉልበቱ ሲንሸራተት ዳሌዋ አይቆምላትም፣ ደረቷ ወደ ፊት ይደፋል፣ ክንዷ ይዘገያል፤ ልጅቷም የጎደለውን ፍጥነት በእጇ ልትሞላ ትሞክራለች። ከዳር ያለው አሰልጣኝ ደግሞ «እጅሽን አፍጥኚ» እያለ ይጮኻል። ይኸው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ጉልበት ከዝላይ ሲያርፉ የጉልበት ጅማት ከሚበጠስባቸው መንገዶች አንዱ ነው፤ ጉዳቱም ከወንዶች ይልቅ በሴት ልጆች ላይ ይበዛል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሳምንት 2 ቀን፣ ከዚያ 3 ቀን፣ በየልምምዱ 40 ደቂቃ ይበቃል። አንድ እግር ፊት አንድ እግር ኋላ አድርጎ ቁጭ ብድግ ማለት በየእግሩ 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። በጀርባ ተኝቶ በአንድ እግር ዳሌን ማንሳት 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ዱምቤል ይዞ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ከዳሌ መታጠፍ 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። ዱምቤል ወይም የልምምድ ላስቲክ ወደ ራስ መጎተት 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ክርንን ከጎድን አስጠግቶ ላስቲኩን ወደ ውጭ ማዞር 15 ጊዜ፣ 2 ዙር። በጎን ፕላንክ (በአንድ ክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) በየወገኑ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። የመጨረሻውን ዙር ሳታዛባ ከጨረሰች በሚቀጥለው ሳምንት 1 ኪሎ ይጨመር፤ ካዛባች አይጨመርም። ክብደት ማንሳት ቁመት ያቀጭጫል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ የሚጎዳው ተቆጣጣሪ የሌለበትና ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ነው።

በብዛት የሚታየው ጥፋት ሌላ ነው። መቶ ፑሽ አፕ፣ መቶ ሲት አፕ፣ ከዚያ አዳራሹን ሃያ ጊዜ መዞር። ይህ በሰውነት ፊት በኩል ያለውን ጡንቻ ብቻ ያጠነክራል፤ ክንዱን ከውርወራ በኋላ የሚያቆሙት የጀርባና የኋላ ትከሻ ጡንቻዎች ይረሳሉ። ረጅም ሩጫም ለዚህ ስፖርት ብዙ አይጠቅምም። ከአንዱ ቤዝ (ሯጯ ከምትረግጠው የሜዳ ማዕዘን) እስከ ሌላው ያለው ርቀት 18.29 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከ10 እስከ 20 ሜትር በሙሉ ፍጥነት ከ6 እስከ 8 ጊዜ መሮጥ፣ በየመሃሉም አንድ ደቂቃ ሙሉ ማረፍ ይሻላል። ዕረፍቱን ማሳጠር ልምምዱን ከበድ ያለ ቢያስመስለውም ፍጥነት አያስተምርም።

ወደ ኳስ መመለሻው ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈልጋል። መጀመሪያ ከላይ መወርወር ይመጣል፦ ከ10 ሜትር፣ 25 ውርወራ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ርቀቱ በየሳምንቱ 3 ሜትር ያህል ይጨምራል። የወርዋሪዋ ክብ ውርወራ ከ30 ይጀምራል፤ ኃይሉ የሙሉ አቅሟ ግማሽ ነው፤ በየሳምንቱ 10 ይጨመራል። እስከ አራተኛው ሳምንት ቀጥተኛውንና ዝግ የሚለውን ኳስ ብቻ ትወርውር። ጠምዛዛው ሁሉ ይቆየን። አሥራ ሁለት ዓመት ላልሞላት ልጅ «ወደ ላይ የሚነሳ ኳስ» የሚያስተምር ሰው ገንዘብ ከመቀበል ያለፈ ምን እንደሚሠራ መናገር ይከብደኛል።

የዕድሜ እርከን የምትቀይር ልጅ የተለየ ጥንቃቄ ያሻታል። በአሜሪካ የታዳጊዎች ውድድር በተለመደው ደንብ ከ10 ዓመት በታች የሚወረወረው ከ10.67 ሜትር፣ ከ12 በታች ከ12.19 ሜትር፣ ከ14 በታች ደግሞ ከ13.11 ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስታልፍ ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ኳሱም ያድጋል፤ ዙሪያው ከ28 ወደ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በትንሽ መዳፍ ይህ ብዙ ነው። ኳሱ ከጣቶቿ ወደ መዳፏ ይገባል፣ ዘግይቶ ይለቀቃል፣ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ እሷም ለማስተካከል ትከሻዋን ወደ ፊት ትወረውራለች። መፍትሔው ሁለቱን ለውጥ በአንድ ቀን አለማምጣት ነው። አዲሱን ኳስ በድሮው ርቀት ትልመደው፤ ከዚያ በየሳምንቱ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብትል በ5 ሳምንት አዲሱ መስመር ላይ ትደርሳለች።

ስለ አዳራሹ ወለል አንድ ነገር፦ ከምንጣፍ በታች ሲሚንቶ ካለ የሚያርፈው እግር ቅልጥም ቶሎ ይታመማል። ወፍራም ፍራሽ መሰል ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ካልተገኘ ውርወራው በግማሽ ይቀነስ።

ኳስ መምታቱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸውም በብዛት ነው። ኳሱን በቆመ ማስቀመጫ ላይ አድርጎ 200 ጊዜ መምታት ድካምን ያስለምዳል። በ8 በ8 ከፍሎ 60 ያህል ምት ይበቃል፤ ማስቀመጫው ደግሞ ከቦታው ይንቀሳቀስ። ወደ ሰውነቷ የሚቀርበው ኳስ ወደ ፊት ወጣ ብሎ፣ የሚርቀው ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይመታል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ከእጅ እስከ መቺዋ 0.4 ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፣ ይህን ልዩነት ሰውነቷ ቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሕመም ሲመጣ መለየት ያስፈልጋል። ጡንቻ ላይ የተሰራጨና በሁለት ቀን የሚለቅ ሕመም የልምምድ ነው። በጣት ሊጠቆም የሚችል፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ወይም አወራወሯን የሚያስቀይር ሕመም ግን ውርወራን ያስቆማል፤ ሐኪም ይየው። በማደግ ላይ ባለች ልጅ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል ከጅማቱ ቀድሞ ሊጎዳ ስለሚችል «ትዘርጋው ይለቃል» ማለት አይሠራም።

የመጨረሻው ጉዳይ ደብተር ነው። የግል አሰልጣኙ 60 ያስወረውራል፣ የቡድኑ አሰልጣኝ 50፣ ቤት ውስጥ 40፤ ሦስቱ ግን አይነጋገሩም። ሁሉም የሚጽፍበት አንድ ደብተር በልጅቷ ቦርሳ ይቀመጥ፤ ቀኑ፣ የውርወራው ቁጥር፣ ሕመም ካለም ቦታው ይሰፍርበት። ካቸሯም (ከመቺዋ ኋላ ሆና ውርወራውን የምትቀበለው) የራሷ ገጽ ይኑራት። ከእያንዳንዱ ኳስ በኋላ ከላይ ወርውራ የምትመልሰው እሷ ናት፤ ወርዋሪዋ 60 ስትወረውር እሷም 60 ያህል ትመልሳለች፣ ግን የሚቆጥርላት የለም።