ነብር ልበሺ የተባለችው ልጄ

«ሞአና» የተባለውን የዲዝኒ የካርቱን ፊልም ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከሳሞአና ከቶንጋ ደሴቶች ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ሌላ ነገር ነው። ፊልሙን ዝም ብለው አያዩትም፤ ይሟገቱታል። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ እናቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ አጎቶቹ «ይሄ የእኛ ነው፣ ያ የፊጂ ነው» እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

የዲዝኒ ሰዎች ፊልሙን በፈረንጆቹ 2016 ከማውጣታቸው በፊት ፊጂ፣ ሳሞአና ታሂቲ ድረስ ሄደዋል። ባህል አዋቂዎች ያሉበት አማካሪ ቡድንም አቋቁመዋል። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ግን የፊልሙ ባለታሪክ የሞአና ደሴት ካርታ ላይ የለችም። ከዚህም ከዚያም ተቆንጥሮ የተሠራች ደሴት ናት። ሳሞአዊት ጎረቤቴ ይሄ አይዋጥላትም።

ከሁሉ በላይ የሚያንጨረጭራት ማውኢ ነው። በደሴቶቹ ተረት ማውኢ ፀሐይን በገመድ አጥምዶ ያዘገየ፣ ምድርን በመንጠቆ ከባሕር ጎትቶ ያወጣ ብልጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳለውም ፈርጠም ያለ ጎረምሳ ሆኖ ነው። ፊልሙ ላይ እንደ በርሜል ተነፍቶ መጣ። አብራው የምትነሳው ሂና የተባለች አምላክ ጭራሽ የለችም። በሰለሞን ደሴቶች ተረት ትንንሽ የጫካ ፍጡራን የሆኑት ካካሞራዎች ደግሞ ኮኮናት ሆነዋል። ኒውዚላንድ ውስጥ የደሴት ሰው «ኮኮናት» ተብሎ እንደሚሰደብ ለሚያውቅ አያስቅም።

እኔ ግን ፊልሙን ወድጄዋለሁ። ሙዚቀኞቹ ኦፔታያ ፎአኢና ሊን ማኑኤል ሚራንዳ የሠሩት የታንኳዎቹ ዘፈን ሲመጣ እኔም ሆዴ ይባባል። ዘፈኑ የሚያወራው የባሕር ጉዞ ደግሞ ውሸት አይደለም። በፈረንጆቹ 1976 ሆኩሌአ የተባለች ታንኳ ያለ ኮምፓስ፣ በኮከብና በማዕበል እየተመራች ከሃዋይ ታሂቲ ገብታለች።

የሚያስቀናኝ አቤቱታቸው ነው። ፊልሙ ገና ሳይወጣ ዲዝኒ ለልጆች የማውኢ ልብስ ብሎ አንድ ነገር ሸጠ። ቡናማ ቆዳ፣ ከነንቅሳቱ! ልጁ የሰው ቆዳ ለብሶ ዚፕ ይዘጋል። የደሴቶቹ ሰዎች በያሉበት ጮኹ። ልብሱ ከገበያ ተነሳ። በፈረንጆቹ 2017 ደግሞ ፊልሙ በማኦሪ ቋንቋ ወጣ፤ በ2018 በሃዋይኛ።

ወደ እኛ እንምጣ። ከልጄ ትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። የባህል ቀን ነውና «የአፍሪካ ልብስ» ትልበስ ይላል። ለምሳሌ እንዲሆን ሥዕል ተያይዟል፦ ነብርማ ጨርቅ፣ ፊት ላይ ነጭ ቀለም። እኔ ሹሩባ ሠርቼ፣ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው አልብሼ ላክኋት። ማታ መጥታ «እማዬ፣ ቲቸር ነብሩ የታለ አለችኝ» አትለኝም! የምን ነብር? በእኛ አገር ለምድ የሚለብሰው ጦር ሜዳ የዋለ ጀግና ነው። ልጄ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት።

ሃምሳ ምናምን አገር በአንድ ነብር ተጠቀለለ። ጎረቤቴ ስትሰማ ሳቀች። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እኛ ሙሉ ፊልም ነው የተሠራብን» አለችኝ።

ፈረንጁን ብቻ አልወቅስም። ኅዳር 29 ሲመጣ የእኛን መድረኮች አይታችኋል? «የደቡብ ጭፈራ» ይባልና ከላይ የዶርዜ ጥበብ፣ ከታች የሐመር ዶቃ፣ ውዝዋዜው የወላይታ። አዲስ አበባ የተወለደ ተወዛዋዥ ሦስቱንም በአንድ ዘፈን ይጨርሳል። ሐመር ያለች እናት ብታየው ምን ትል ይሆን? ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዲዝኒ እንኳ ለወጉ ያህል አማካሪ ሰብስቧል።

የነብሩን ነገር ለሐበሻ ወዳጆቼ ቡና ላይ አነሳሁት። ጉድ ነው! ሁሉም ተቃጥሎ ነበርና። የአንዷን ልጅ ከበሮ ይዘሽ ነይ ብለዋታል፤ የአንዱን ልጅ የአንበሳ ድምፅ እንዲያሰማ ጠይቀውታል። ከአቦል እስከ በረካ ስንንጨረጨር ዋልን። በቃ አንድ ደብዳቤ እንጻፍ፣ ሁላችንም እንፈርም አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ «ተይው ባክሽ፣ ልጆቹን ይጠምዱብናል» አለች። ሌላው ስልኩን መነካካት ጀመረ። የቤቱ ባለቤት ፈንዲሻ ጨመረችልን።

ደብዳቤውን ለብቻዬ ጻፍኩት። እንግሊዝኛዬን ያረመችልኝ ጎረቤቴ ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስወጣችኝ፤ «ከይቅርታ ጋር» የሚለውን።