«አጥንቱ ደህና ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሽማግሌ እጅ ሲወጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር መንደር፣ ለአክስቴ ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ከሄዱት ሽማግሎች ጋር ተቀምጬ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ የልጅቷ አጎት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «መቼም አይከፋችሁና፣ አጥንቱ ደህና ነው?» አሉ። ለወሎ ሰው ይህ ጥያቄ ትርጉም አያሻውም፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን በዘሩ ውስጥ የሥጋ ደዌ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም አለመኖሩን ማጣራት ነው። ከእኛ ወገን የነበሩት አያ እሸቱ ሐሰት መናገር አልሆንላቸው ብሎ የልጁ አያት በወጣትነታቸው ቦሩ ሜዳ ታክመው የዳኑ መሆናቸውን ተናገሩ። ሲኒዎቹ በየእጁ እንደተያዙ ቀሩ። በረካው ሳይጠጣ ተነሣን፤ ጋብቻውም በዚያው ቀረ።

ቦሩ ሜዳን የታሪክ አንባቢ የሚያውቃት በ1870 ዓ.ም. በተካሄደው ጉባኤ ነው። የአካባቢው አዛውንት ግን ስሟን ሲሰሙ ቀድሞ የሚታወሳቸው ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የታከሙበት ሆስፒታል ነው። ወደዚያ የሄደ ሰው ድኖ ቢመለስም ልጆቹና የልጅ ልጆቹ «ዘራቸው» እየተባለ በሹክሹክታ ይነሣሉ። ሆኖም በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ያገኘው በ1873 ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጊዜው በኖርዌይ የነበሩት አንጋፋ ሐኪሞችም፣ እንደ እኛ ሽማግሎች ሁሉ፣ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ በደም የሚወርድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በእርግጥ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል። ይህ ግን በአብዛኛው አንድ ጣራ ሥር ማደርና አንድ ድህነት መካፈል የሚያመጣው ነው፤ የዘረመል ድርሻ ቢኖር እንኳ ሰውነት በሽታውን በመቋቋም አቅሙ ላይ እንጂ በሽታውን በማውረስ ላይ አይደለም። የሚበዛው ሰው ከተፈጥሮው ይቋቋመዋል፤ የታመመውም በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት መድኃኒት ይድናል።

ይህን ያነሣሁት ሽማግሎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነሱ የቻሉት አንድ ጋብቻ ማፍረስ ብቻ ነው። የሚያሳስበኝ ያው ስሕተት፣ ማለትም ጀርም፣ ረሃብ ወይም በደል ያመጣውን ነገር «ዘር ነው» ብሎ መሰየም፣ የሳይንስ ካባ ለብሶ የመንግሥት ማኅተም ሲያገኝ የሚሆነው ነው። ያ ታሪክ ዩጀኒክስ ይባላል፤ «መልካም ዘር» ያለው እንዲበዛ፣ «ጉድለት አለበት» የተባለው ደግሞ እንዳይወልድ ማድረግ ማለት ነው።

ቃሉን በ1883 የፈጠረው የቻርልስ ዳርዊን የአክስት ልጅ የሆነው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «መልካም ልደት ያለው» እንደ ማለት ነው። ጋልተን ተራ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ማንኛውም የስታትስቲክስ ተማሪ የሚማረው የኮሪሌሽን ስሌት (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካው) መነሻው እሱ ነው። ነገር ግን የታወቁ ሰዎች ልጆች ደጋግመው የታወቁ ሲሆኑ አይቶ፣ ሀብቱን፣ ትምህርት ቤቱንና ትውውቁን ወደ ጎን ትቶ ለደም ሰጠው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን የእኛን ተረት በሠንጠረዥ አስደግፎ የጻፈ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኢንዲያና በ1907 ሰውን በግድ የማምከን የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች፤ በጠቅላላው ከ60,000 በላይ ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ሕጎች መከኑ። ከሁሉም ግን የኬሪ በክ መዝገብ ላይ መቆየት ይገባል። ኬሪ በቨርጂኒያ ግዛት የምትኖር ድኻ ልጅ ነበረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ቤተሰብ ዘንድ አደገች፤ እናቷም «አእምሮዋ ደካማ» ተብላ ተቋም ገባች፤ የዚያ ቤተሰብ ዘመድ አስገድዶ ደፈራት፤ ስታረግዝ ደግሞ ነውሩን ለመሸፈን እሷንም «ደካማ አእምሮ» ብለው እናቷ ወዳለችበት ተቋም ላኳት። ግዛቲቱ ሊያመክናት ሲፈልግ ሦስት ትውልድ ማሳየት ነበረበትና የሰባት ወር ገደማ ሕፃን የነበረችው ልጇ ተመረመረች፤ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ልጅቱን አይታ መልኳ «ፍጹም ትክክል አይመስልም» ስትል መሰከረች። ማስረጃው ይህ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1927 ስምንት ለአንድ ፈረደባት፤ ዳኛው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስም «የጅሎች ሦስት ትውልድ ይበቃል» ብለው ጻፉ። ያቺ ሕፃን ቪቪያን አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ ስሟ ከጎበዝ ተማሪዎች ዝርዝር ላይ ሰፈረ፤ በስምንት ዓመቷ ታማ ሞተች። የኬሪን እኅት ዶሪስን ደግሞ ትርፍ አንጀት ነው ብለው አመከኗት፤ ለምን ልጅ እንዳልወለደች ያወቀችው ካረጀች በኋላ ነው።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ቢላው የመጣው መጨረሻ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። መጀመሪያ የመጣው ስያሜው ነው፤ በድህነትና በመደፈር የደረሰባት ሁሉ «የዘር ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ።

እዚህ ላይ ስለ ወሎ ልጆች ሳስብ ይዘገንነኛል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከሞት የተረፉት ሕፃናት አጥንታቸው ቀጭጮ፣ ቁመታቸው አጥሮ፣ ብዙዎቹም ከትምህርት ገበታ ወደ ኋላ ቀርተው አደጉ። በኮረም መጠለያ ያኔ አንድ የጋልተን ደቀ መዝሙር የራስ ቅላቸውን ለክቶ ቢሆን ኖሮ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? መገመት አያስቸግርም፤ በኒውዮርክ ግዛት የነበረው የዩጀኒክስ ቢሮ መሪ ቻርልስ ዳቨንፖርት የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶችን ድኾች ያጠቃ የነበረውን ፔላግራ የተባለ በሽታ ከዘር ጋር ለማያያዝ ጽፎበታል። በሽታው በቆሎ ብቻ ከመብላት የሚመጣ የምግብ እጥረት መሆኑን ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ ሐኪም አስረድቷል።

ነገሩ የአፍሪካን ምድርም ረግጧል። ጀርመናዊው ኦይገን ፊሸር በ1908 የዛሬዋ ናሚቢያ ሬሆቦት ድረስ ሄዶ ከነጭና ከአፍሪካዊ የተወለዱ ሰዎችን ለካ፤ መደምደሚያውም ቅይጥ ጋብቻን የሚያወግዝ ነበር። በኋላ በበርሊን የአንትሮፖሎጂና የዘር ተቋም ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1937 ከፈረንሳይ ጦር ጥቁር ወታደሮች የተወለዱ የራይን አካባቢ ልጆች በምስጢር ሲመከኑ የተቋሙ ባለሙያዎች መርማሪ ሆነው ቀርበዋል። ናዚዎች በ1933 ባወጡት ሕግ 400,000 ያህል ሰዎች መከኑ፤ ከ1939 ጀምሮ ደግሞ የአካልና የአእምሮ ሕሙማን ግድያ ተከተለ። ደሴ በፋሺስት እጅ በነበረችበት ዘመንም የሮም መንግሥት በ1937 ባወጣው አዋጅ ኢጣሊያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣው ነበር፤ በ1940 ደግሞ አባት ከእንዲህ ዓይነት ግንኙነት የተወለደ ልጁን «የእኔ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ።

ጃፓንን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ከተነሣሁበት እርቃለሁ። እዚያ በ1948 የወጣው የዩጀኒክስ ሕግ እስከ 1996 ጸንቶ ቆየ፤ 25,000 ገደማ ሰዎች መከኑ፤ ለማምከን ምክንያት ከሚሆኑት በሽታዎች አንዱ የሥጋ ደዌ ነበር። የሃንሰን ግኝት ያኔ 75 ዓመት ሞልቶት ነበር። ሕጉ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በሐምሌ 2024 ነው።

ዛሬ ያለው የሥነ ዘረመል ሳይንስ ከዚህ ሁሉ ምን ወረሰ? ስሞቹ ተለውጠዋል፤ በለንደን ይታተም የነበረው የዩጀኒክስ መጽሔት በ1954 «የሰው ዘረመል» ወደሚል ስም ዞሯል። የአሜሪካ የሰው ዘረመል ማኅበርም የቀድሞ መሪዎቹ በዩጀኒክስ እንቅስቃሴ ለነበራቸው ሚና በ2023 ይቅርታ ጠይቋል። ስም መቀየሩን አልንቅም፤ የሚበልጥብኝ ግን በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የሚነገረው ቃል ነው።

ዘረመልን የምታጠናው ሳይንስ በጎ ነገር እንደምታመጣ ለመካድ አልነሣም። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ለውጥ እጅግ የሚያፈጥን ትርፍ የዘረመል ቅጂ ተገኝቶባቸዋል፤ ለሌላው ማስታገሻ የሆነው ለእነዚህ መርዝ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እውቀት ሰውን ከአደጋ ያድናል። በሌላ ወገን ግን ገና በቤተ ሙከራ ያለ ጽንስ ስለወደፊት ቁመቱና ስለ ትምህርት ውጤቱ ነጥብ እየተሰጠው ወላጅ እንዲመርጥ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች መጥተዋል። ነጥቡ የሚሰላበት መረጃ አብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ነው፤ ትምህርትን በሚመለከት ደግሞ የወላጅን ሀብትና የትምህርት ቤትን ጥራት ከዘረመል ለይቶ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል። የጋልተን ስሕተት በኮምፒውተር ፍጥነት ተመለሰ ብል አጋነንኩ አልልም። ሄ ጂያንኩይ የተባለው ቻይናዊ ተመራማሪ በ2018 ዘረመላቸው የተቀየረ መንትዮች መወለዳቸውን አስታውቆ ሦስት ዓመት ታስሯል፤ መንትዮቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሳይጠየቁ የተደረገባቸውን ይዘው ይኖራሉ።

«ዛሬ የሚያስገድድ መንግሥት የለም፤ ምርጫው የወላጅ ነው፤ ታዲያ ዩጀኒክስ የት አለ?» የሚሉ አሉ። ማስገደዱ መቅረቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከኬሪ በክ ጋር አንድ ነው አልልም። ነገር ግን ያ ወላጅ የሚመርጠው በተነገረው ቃል ነው። ቆጵሮስ ውስጥ ታላሲሚያ የተባለው የደም በሽታ በእርግጥም በዘር የሚወረስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተጋቢዎች መመርመራቸውን የሚያሳይ ወረቀት ትጠይቃለች፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ግን ጋብቻውን አትከለክልም። በእኛም አገር ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ሲለመድ ያየነው ነው። ጥያቄው እውነተኛ ከሆነና መልሱ የተጋቢዎቹ ሆኖ ከቀረ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

አያ እሸቱን ባለፈው ጥምቀት ደሴ አግኝቻቸው ይህን ሁሉ በአጭሩ አጫወትኳቸው። ስለ ባክቴሪያው ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ጃፓን ስነግራቸው «እነሱም?» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «የልጅቷ አጎት እኮ አሁንም አሉ፤ ሄደን እንንገራቸው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ልጅቷ ሌላ ቦታ አግብታ ሁለት ወልዳለች። ቢሆንም እንሄዳለን ተባብለን ተለያየን።