አሻራዬን ዶሮ በላው

ግቢያችን ውስጥ አምስት ዶሮዎች አሉ። ግቢ ስል እንዳትሳሳቱ፤ ከልብስ ማስጫው ገመድ እስከ አጥሩ ያለችውን ቦታ ነው የምላችሁ። በ2015 የሌማት ትሩፋት ሲጀመር ሰው ሁሉ ስለ ዶሮ ማውራት ጀመረ። እኔም አላስችል አለኝና አምስት ቄብ ገዛሁ፤ ቦቫንስ ብራውን የሚሏቸውን ቀያዮቹን። ሻጩ «አንዷ በዓመት እስከ 300 ትጥላለች» አለኝ። እዚያው ቆሜ አባዛሁት። 1,500 እንቁላል! ለማን በዱቤ እንደምሸጥ፣ ማንን ዱቤ እንደምከለክል ሁሉ ወሰንኩ። ምን እንደሚበሉ ብቻ አልጠየቅኩም።

እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትፈልጋለች። አምስቱ በቀን 600 ግራም፣ በወር 18 ኪሎ ማለት ነው። እኛ ቤት በወር 18 ኪሎ የሚያልቅ ነገር ጤፍ ብቻ ነበር።

እናም ማጭበርበር ጀመርኩ። ፉርሽካውን በድርቆሽ አበዛሁት። ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን ፋጉሎ ቀነስኩ፣ የአኩሪ አተሩን ነገር ጭራሽ ተውኩት። ዶሮዎቹ ተቃውሞ አላሰሙም፤ እንቁላሉን ብቻ አቆሙ። አጥር የምንጋራቸው እማማ ጎንበስ ብለው መመገቢያውን አዩና «ልጄ፣ ዶሮ የምትጥለው እኮ ከአፏ ነው» አሉኝ። እሳቸው ባደጉበት አገር ዶሮ ምን በልታ ትዋል ብሎ የሚጨነቅ ሰው የለም። ቅጠሉንም ትሉንም ስትለቅም ውላ ማታ ቆጧ ላይ ትወጣለች። የምትጥለው ጥቂት ነው፤ አስኳሉ ግን እርድ የነካው ይመስላል።

መኖውን ወደ ቦታው መለስኩ። ያቺ እርድ የምትመስል አስኳል ግን ከልቤ አልወጣችም። ዶሮዎቹ የሚውሉበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ነገር ልተክል ወሰንኩ።

ጊዜው ክረምት ነው። በክረምት ደግሞ እኛ አገር ዝም ብሎ የሚተክል ሰው የለም። ቆስጣ፣ የሐበሻ ጎመንና አልፋልፋ የሚሉትን የመኖ ተክል አመጣሁ። ልጄ ውኃ ያዘ፣ ባለቤቴ ስልኳን ያዘች፣ እኔ ችግኙን ይዤ ፈገግ አልኩ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ «አሻራዬን አኖርኩ» ብዬ ለወዳጅ ዘመድ ላክሁ።

9 ሰዓት ላይ አሻራ የለም።

ቢበሉት እንኳ አንድ ነገር ነው። ቁጭ ብዬ አንዷን ዶሮ አየኋት። ጭንቅላቷን አዘንብላ ችግኙን በአንድ ዓይኗ ገመገመችው። ሁለት ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ጫረች። አንድ እርምጃ ወደኋላ ብላ ያወጣችውን አየች። ቆስጣው ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተጋድሟል። እሷ ከሥሩ ትል ለቀመችና እኔ በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ተኝታ፣ ክንፏን ዘርግታ አፈር ትታጠብ ጀመር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ተከልኩ። ባለቤቴ ስልኩን ዝቅ አድርጋ «ያው ጉድጓድ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ያው ነው። አገር የለመደውን እኔ ለምን እለውጣለሁ? ሸሚዝ ግን ቀይሬያለሁ።

እውነቱን ለመናገር ይህ አመሌ የቆየ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ ከዚያ ውስጥ አንዷ የእኔ ነበረች። መሥሪያ ቤት በአውቶቡስ ጭኖ ወሰደን። ፎቶዋ እስከ ዛሬ አለኝ። ቦታውን አሳየን ብትሉኝ ግን አላውቀውም።

ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ደግሞ የዶሮ ባለሙያ ነው። አንዱ የአቮካዶ ቅጠል ስጣቸው አለኝ። አቮካዶ ለወፍ ዘር መርዝ ነውና ቡናውን አጠጥቼ ሸኘሁት። ሌላው «ጤና አዳም ትከል፣ አይነኩትም» አለ። ተከልኩ። እውነትም አልነኩትም! ለመኖ ከተከልኩት ሁሉ የጸደቀው የማይበላው ብቻ ሆነ። የቡና ችግራችን ግን ተቃሏል።

በመጨረሻ እማማ መጡ። ጉድጓዶቹን አይተው ምንም አላሉም። «ያ የድሮው የሽቦ አልጋችሁ የታለ?» አሉ። ከጓዳ ጀርባ ጎትተን አወጣነው። አዲስ ችግኝ አስተከሉኝ፣ በአራቱ ማዕዘን ብሎኬት አስቀመጡና አልጋውን ከላይ አጋደሙት። በቃ። ቆስጣው እያደገ በሽቦው ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ዶሮዎቹ አልጋው ላይ ወጥተው ጫፍ ጫፉን ይቀነጥባሉ። እግራቸው አፈሩን ስለማያገኘው ሥሩ ሰላም ነው። የተቀነጠበው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሁለት ወር ሆነው፣ ቆስጣው አለ። ይህን ግን ፎቶ አላነሳሁትም። የዛገ አልጋ ላይ አምስት ዶሮ ቆማ፣ ለማን ነው የምልከው?

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ተጠራ። የዘንድሮው ተከላ ቅዳሜ ነው ተባለ። አውቶቡሱ፣ ባነሩ፣ ምሳው፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል። ጥያቄ ያለው ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«ሽቦ ተዘጋጅቷል?»

አስተባባሪው መዝገቡን ገለበጠ። «የምን ሽቦ?»

«ችግኙን የሚጠብቅ... ዶሮ እንዳይጭረው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ በረድ ሲል አስተባባሪው ብዕሩን አነሳና፦

«የእርስዎ ቲሸርት ኤል ነው ኤክስ ኤል?» አለኝ።