ይድረስ ለክቡር ብልጭ ድርግም

ጉዳዩ፦ ከአሮጌው ብሮውዘር ለቀው እንዲወጡልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛማ ዓይናችንን ከማመሙ በቀር ደህና ነን።

መቼም እርስዎን የማያውቅ ዌብሳይት ሠሪ የለም። ማውስ ሲያርፍበት ቀለም የሚቀይር በተን (ገጹ ላይ የሚጫን ቁልፍ) እንሠራለን። ቀለሙ ሊቀየር ነው ስንል እርስዎ ቀድመው ብቅ ይላሉ። አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ባዶ። ደንበኛው ይደውላል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ይርገበገባል እኮ።»

«እኔ ጋ አይርገበገብም።»

«እና እኔ ነኝ የምርገበገበው?»

ለዚህ ምን መልስ አለው?

ዝናዎ የገነነው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር የመጣው ያ ብሮውዘር ለእርስዎ ሰፊ ቪላ ነበር። አሠራርዎን ስናጠናው ለካ እንዲህ ኖሯል፦ ማውሱ በተኑን በነካ ቁጥር ብሮውዘሩ ቅድም ያወረደውን የጀርባ ምስል እንደገና ከሰርቨሩ፣ ዌብሳይቱ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ይጠይቃል። «ተቀይሯል ወይስ ያው ነው?» ሰርቨሩም «ያው ነው» ይላል። ይህ መልስ እስኪመጣ በተኑ ባዶ ሜዳ ይሆናል። እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው እርስዎ ወንበር ስበው የሚቀመጡት። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍማ ተደላድለው ቡና ያስፈላሉ።

የሚያናድደው ደግሞ ሰው መምረጥዎ። ብሮውዘሩን እንዲህ የሚያመላልሰው «ገጹ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ነገር መኖሩን አረጋግጥ» የሚለው ቅንብር ነው። ተራው ተጠቃሚ ይህን አይነካውም። የሚነካው ማነው? ራሱ ባለሙያው! የሠራውን ለውጥ ቶሎ ለማየት ብሎ። ስለዚህ እርስዎን ሲያሳድድ ሌሊቱን የሚያነጋው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ያስገባዎት ራሱ ነው። (የደንበኛዬን ኮምፒውተር ማን እንደነካካው ስጠይቅ ግን መልሱ «አላወቅንም» ነው። ይሁን፣ አላወቃችሁም።)

መድኃኒትዎ አልጠፋም። አንደኛው፣ በተኑ የለበሰውን ምስል ከሥሩ ላለው ሳጥንም ማልበስ ነው። የላይኛው ሲጠፋ የታችኛው ይታያል፣ ክፍተትዎም ይሸፈናል። አንድ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ብርድ ይመስል! ሌላው በጃቫስክሪፕት «ባክግራውንድ ኢሜጅ ካሽ» የሚሏት አንድ መስመር ትዕዛዝ ናት። የያዝከውን ያዝ፣ አትመላለስ ማለት ነው። ይሄ ለብሮውዘር ይነገራል? እሷንም ሌሎቹ ብሮውዘሮች ስለማያውቋት ኤረር ብለው እንዳይጮሁ «ስህተት ከመጣ ዝም ብለህ እለፈው» በሚለው ትራይ ካች ጠቅልለን ነው የምናስገባት።

ከኤክስፕሎረር ስናባርርዎ የአፕል ብሮውዘር የሆነው የድሮው ሳፋሪ ቤት ተከራዩ። እዚያማ ጨዋ ሆኑ። አኒሜሽኑ ሲጀምር አንዴ ጠቀስ፣ ሲያልቅ አንዴ ጠቀስ፣ በቃ። ለዚህ ያገኘነው መፍትሔ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ጠፍጣፋውን ሳጥን «ይሄ እኮ ስሪዲ ነው፣ ወደ ውስጥ ዜሮ ፒክስል ይንቀሳቀሳል» ብለን ለብሮውዘሩ እንነግረዋለን። ዜሮ! ብሮውዘሩም አምኖ ሳጥኑን ለብቻው ንጣፍ አድርጎ ለግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ያስረክባል፣ እርስዎም ይጠፋሉ። ውሸቱ የጣማቸው ሰዎች ደግሞ ገጹ ላይ ላለው ዕቃ ሁሉ ለጠፉት። ያን ሁሉ ንጣፍ የሚሸከመው ሜሞሪ ነውና ስልኩ ትንፋሽ አጠረው።

እውነት ለመናገር ያልዋሉበትንም እናመካኝብዎታለን። ማውስ ሲያርፍበት ወደ ላይ ብድግ የሚል ካርድ አለ። ብድግ ሲል ከማውሱ ሥር ያመልጣል። ሲያመልጥ ይወርዳል። ሲወርድ ማውሱ ያገኘዋል። እንደገና ብድግ። እስክስታ በሉት! ይሄ በአዲሱም ብሮውዘር አለ። ማውሱን የሚጠብቀው ካርዱ ሳይሆን ካርዱን የያዘው የማይንቀሳቀስ ሳጥን ሲሆን ጭፈራው ይቆማል።

እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 በዊንዶውስ 10 ላይ ጡረታ ወጣ ሲባል ድግስ ልንደግስ ነበር። ለካስ አሮጌ ሲስተም ላልጣሉ መሥሪያ ቤቶች ተብሎ ማይክሮሶፍት በተካው ብሮውዘር በኤጅ ውስጥ «አይኢ ሞድ» (አይኢ ያው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነው) የሚባል ጓዳ ተሰጥቶታል። ቢያንስ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ይቆያል ተብሏል። እንዲህ ያለ ጡረታ ለእኛም በተገኘ።

እንግዲህ ልመናችን አንድ ነው። ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሥራውን ለኃላፊዎች እናስረክባለን። የሚታየው በዚያው በኤክስፒው ኮምፒውተር ነው፤ አዲሱ ላፕቶፕ የፕሮጀክተሩን ገመድ አይቀበልም አሉ። እባክዎ ርክክቡ እስኪፈረም ብቻ ይታገሡን። ቀሪው ክፍያ ያለው እዚያ ፊርማ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እንዳሻዎ ይርገብገቡ። የጥገና ውል ለብቻው ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ክፍል