የማይነበበው ሰዓት ይኑርልን

በሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ በአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ መቀበያ ክፍል ሰሞኑን የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት አይቶ ያላደነቀ ባለጉዳይ ውለታ ቢስ ነው። ፊቱ ላይ 24 ቁጥሮች ተደርድረዋል። ሰዓት ቆጣሪው ክቡን የሚጨርሰው በሙሉ ቀንና ሌሊት በመሆኑ የሚጓዘው በለመድነው ፍጥነት እኩሌታ ነው፤ ከቤቱ አሠራር ጋር እንዴት እንደተስማማ ልብ ይሏል።

24 ከላይ፣ 12 ከታች ስለተጻፈ ቀትር ላይ ቆጣሪው ቁልቁል ይቆማል። ቁጥሩን ሳያይ በልማድ የሚያነብ ሰው «ስድስት ሰዓት» ይላል፤ በእኛም አቆጣጠር በእርግጥ ስድስት ሰዓት ነው! ደስታው ግን አይዘልቅም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቆጣሪው በለመድነው ሰዓት የሰባት ቦታ ላይ ሆኖ 14ን ያመለክታል፤ ባለጉዳዩ ግን ስምንት ሰዓት መሆኑን ከሆዱ ይረዳል። ማምሻውን 12 ሰዓት ሲሆን በዘጠኝ ቦታ ተጋድሞ 18 ላይ ያርፋል። እኩለ ሌሊት ላይ ሽቅብ ቆሞ 12 ሰዓት ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ከጥበቃው በቀር የሚሳሳት ስለሌለ ጉዳቱ ቀላል ነው። እንግዲህ ይህ ሰዓት ለልማደኛ አንባቢ እውነት የሚናገረው በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም መስኮቶቹ ለምሳ ሊዘጉ ሲዳዱ ብቻ ነው።

በቸርችል ጎዳና ቁጥርም ጭረትም የሌለው ሰዓት የሰቀሉት ባለ ካፌም ምስጋናቸው አይቀርም።

«በውጭ አገርም አለ» የሚሉ ጠበቆች አይጠፉም። አዎን፤ ሠዓሊው ፓኦሎ ኡቼሎ እ.ኤ.አ. በ1443 በጣሊያን በፍሎረንስ ካቴድራል ውስጥ የሣለው የሰዓት ፊት ባለ24 ነው፤ ቆጣሪውም ወደ ግራ ይዞራል። ይሁንና የዚያ አገር ሰው በዘመኑ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ ነበር፤ ሰዓቱም እንደ ሕዝቡ ይቆጥር ነበር።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቆየኝ። የቀጠሮ ወረቀታቸው 14:30 የሚል አንዲት እናት፣ ዓይናቸውን ከዚያ ሰዓት ላይ ሳይነቅሉ ተቀምጠው ሳለ «ጊዜዎ አልፏል» ተብለው ተመልሰዋል። ይህ ንቀት ነው! ሰው እንዴት እንደሚቆጥር እያወቁ በማይቆጥርበት መቅጣት ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለመሥሪያ ቤቱ የቀረው ከሰዓቱ ሥር ቆሞ ሰዓቱን የሚተረጉም ባለሙያ መቅጠር ነው፤ የሥራ ማስታወቂያውም አመልካቾች በ10 ሰዓት እንዲቀርቡ ያዝዛል፤ የጠዋቱ ይሁን የማታው ግን አይጠቅስም።