ካፊል የሌለው ቪዛ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አክስቴ ቤት ነን። አቦሉ ተጠጥቷል፤ ቶናው እየተቀዳ ነው። ልጇ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለ ፖርቱጋል ቪዛ ያወራናል። ለአንድ የውጭ ኩባንያ ከቤቱ ሆኖ ሶፍትዌር ይሠራል፤ ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አክስቴ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና ስኒውን እያቀበለችው ጠየቀች።

«ካፊሉ ማን ነው?»

ሳቅን። እሷ ግን የምሯን ነው። ወሎ ውስጥ ቪዛ ማለት ለብዙ ዘመን ይኸው ነበር። ዓረብ አገር ያለ ሰው የሚልከው፣ በአንድ አሠሪ፣ ማለትም በካፊሉ፣ ስም የታሰረ ወረቀት። ታላቋ ልጇ ጅዳ የሄደችው በዚያ ነው። ካፊሉ ካልተስማማሽ ቤት መቀየር አልነበረም፤ ጥለሽ ከወጣሽ ደግሞ ሕገ ወጥ ነበርሽ። «ፍሪ ቪዛ» የሚሉትም ስሙ ነው እንጂ ነጻ አልነበረም፤ ስሙን ላዋሰው ካፊል ይከፈልበታል።

ስለዚህ የአክስቴ ጥያቄ ሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ልጇ ያልጠየቀውን ነው የጠየቀችው፦ ይህ ወረቀት በማን ላይ ነው የሚቆመው?

የዘንድሮ ልጆች ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ሥራው ቀድሞ ተገኝቷል። የሚፈልጉት ሥራቸውን ይዘው ዓመት ሁለት ዓመት የሚቀመጡበት አገር ነው። «ደሴ ምን አላት፣ እዚሁ አይሠሩም?» የሚል አይጠፋም። እኔም እል ነበር። በ2015 ክረምት የክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አፌን ያዝኩ። ነገሩ የቀናት መስሎን ነበር፤ ወራት ሆነ። የአክስቴ ልጅ ለስብሰባ ብሎ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፣ ጓደኛው ሶፋ ላይ ከረመ። ከዚያ በኋላ መሄድ ፈለገ ብዬ ልወቅሰው አልችልም።

የምወቅሰው አመራረጡን ነው። የእሱን ብቻም አይደለም። ሪሞት፣ ከሩቅ ሆነው፣ የሚሠሩ ልጆች ሲገናኙ ወሬው አንድ ነው፦ «ሪሞት ነህ? በቃ ፖርቱጋል ግባ።» የትኛው አገር ያምራል፣ የት ኑሮ ይረክሳል፣ የትኛው ቶሎ ይሰጣል። ደመወዝህ በማን ስም ነው የሚገባው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ፖርቱጋል ለዚህ ዓይነት ሠራተኛ የምትሰጠው ቪዛ ገቢህ የአገሩን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዝቅተኛው 870 ዩሮ ነበር፤ በአራት ሲባዛ በወር 3,480 ዩሮ። ኢስቶኒያ ከዚያም ትብሳለች፣ 4,500 ዩሮ። ዱባይ ለአንድ ዓመቱ የሪሞት ቪዛ በወር 3,500 ዶላር ትላለች። ሞሪሸስ 1,500 ዶላር ይበቃኛል ትላለች፤ ግን የምትቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ስላላት መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ደመወዝ 1,800 ዶላር ነው። ደሴ ላይ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ፖርቱጋል ኤምባሲ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን ግማሽ መንገድ እንኳ በቅጡ አይሄድም። ይህን ለማወቅ ማስያ ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን ሦስት ወር ሙሉ የፖርቱጋል ዋና ከተማ የሊዝበንን የቤት ኪራይ ሲያይ ከረመ።

ከገቢው መጠን የከፋው ሌላ ነው። የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንት አምጣ ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ደመወዝ በስሙ ገብቶ አያውቅም። ኩባንያው አሜሪካ ባለው አጎቱ ሒሳብ ያስገባል፣ አጎትየው ይልካል፣ እሱ እዚህ በብር ይቀበላል። አንዳንዴ በባንክ፣ አንዳንዴ እንጃ በምን። ሲጀምር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ በዚህ የምፈርድበት አይደለም። በወረቀት ሲታይ ግን ይህ ልጅ ሥራ የለውም። አጎቱ የሚጦረው ሥራ ፈት ነው። ከአጎቱ ስም በታች የቆመ ሰው ነው። አክስቴ ካፊል ያለችው ይህን ሳይሆን ይቀራል?

እዚህ ጋ ነው ጉዳይ አስፈጻሚው ብቅ የሚለው። ስቴትመንት እናሠራልሃለን፣ ሒሳብህ ውስጥ ለሳምንት ብር እናስቀምጥልሃለን ይላል። ተው እላለሁ። ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፣ ስለማያዋጣ ነው። አንድ ጊዜ ከተከለከልክ ቀጣዩ ቅጽ ላይ «ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቅሃል።

የተሻለ መንገድ አለ፤ ያውም ፒያሳ ላይ። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ደመወዝ የሚያገኝ ነዋሪ በስሙ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላል። ይህን የሰማ ብዙ ነው፣ ሄዶ የጠየቀ ግን ጥቂት። ቪዛ ከማሰብህ ከስድስት ወር በፊት ሒሳቡ ይከፈት፣ ደመወዙ በቀጥታ ይግባበት። ያኔ ስቴትመንቱ ራሱ ይናገራል።

ከአሠሪህም ደብዳቤ ያስፈልጋል። የሥራ ምስክር ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ «ከሌላ አገር ሆኖ መሥራት ይችላል» የሚል ቃል ይኑረው። ብዙ ልጆች አሠሪያቸውን ሳይነግሩ አገር ይቀይራሉ። ኩባንያው ግን የሚፈራው ነገር አለ፤ ሠራተኛው ያለበት አገር ግብርና የጡረታ መዋጮ ክፈል እንዳይለው። ሳይነገረው ካወቀ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ሥራው ሲሄድ ቪዛውም አብሮ ይሄዳል፤ የቆመው በእሱ ላይ ነውና።

ግብር ደግሞ ቪዛ አይቶ አያልፍም፣ ቀን ነው የሚቆጥረው። በብዙ አገር ከ183 ቀን በላይ ከተቀመጥክ ነዋሪ ነህ። የእኛም የገቢ ግብር አዋጅ፣ 979/2008፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየን ሰው ነዋሪ ይለዋል፤ የነዋሪ ገቢ ከየትም ቢመጣ ግብር አለበት። ደሴ ተቀምጦ «የኔ ደመወዝ ከውጭ ነው» ማለት አያስመልጥም። ክሮኤሺያ ለነዚህ ሠራተኞች ከውጭ የሚመጣውን ደመወዝ ከግብር ነጻ አድርጋለች፤ ግን የተፈቀደልህ ጊዜ ካለቀ እንደገና ለማመልከት ስድስት ወር መጠበቅ አለብህ። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሳያዩ መምረጥ ዋጋ ሳይጠይቁ በግ እንደ መጎተት ነው።

በጎብኚ ቪዛ ዱባይ ገብቶ ላፕቶፕ ከፍቶ መሥራትም የተለመደ ነው። በየጊዜው ማደስ፣ ካለፈ በቀን 50 ድርሃም ቅጣት። ሁለት ጊዜ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ያጠራቀመው ብር የአየር መንገድ ሆነ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ 1,800 ዶላር የሚያገኝ የደሴ ልጅ ዓይኑን መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ ቢጥል ይሻለው ነበር። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኬንያ ለሪሞት ሠራተኞች የሚሆን ፈቃድ አውጥታለች። ሁለቱ ግን አይምታቱ፤ መግባት ሌላ፣ ተቀምጦ መሥራት ሌላ። ፈቃዱም የገቢ መስፈርት አለው፤ ደመወዝህ ያሟላ እንደሆነ ቀድመህ እይ። ያም ሆኖ ቅርብ ነው፣ ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ነው፣ ካልተስማማ በአውቶቡስም ይመለሱበታል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፊቱን አጨማደደ። ናይሮቢ ፎቶ ላይ እንደ ሊዝበን አትሆንም።

ባለፈው ሳምንት ግን አብረን ባንክ ሄድን። ተሰልፈን ደረሰን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ውሉን ገልብጣ አየችው፣ እንግሊዝኛውን በጣቷ እየተከተለች።

«ገንዘቡን የሚልክልህ የት አገር ያለ ዘመድህ ነው፣ ወንድሜ?»

«ዘመድ አይደለም፣» አላት። «አሠሪዬ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ቅጹ ላይ «ከቤተሰብ የተላከ» የሚለው ፊት ለፊት ቀድማ ምልክት አድርጋ ነበር። ሰረዘችውና ታች ያለውን «ደመወዝ» የሚለውን ሳጥን ፈለገች።