ሳሩንም ገደሉንም አይተን

ታማኝ ደንበኛ ጠፋ ሲባል እሰማለሁ። አልጠፋም። «አሳሲንስ ክሪድ» የሚባለውን ጌም በየዓመቱ እየረገመ፣ በየዓመቱ ደግሞ ገና ሳይወጣ የሚገዛ ሕዝብ አለ። እኔም አንዱ ነኝ። ራሴን ማመስገን እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ እንዲህ ያለ ታማኝነት በትዳር ውስጥም አላየሁም።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፋለሁ፤ ጌሙም የፈረንጅ ነው።) ዩቢሶፍት የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የመጀመሪያውን ያወጣው በ2007 ነው። ቦታው ኢየሩሳሌም፣ ደማስቆና አክሬ፤ ዘመኑ 1191፣ የመስቀል ጦርነት። ነጭ ቆብ ያጠለቀ ገዳይ ግንብ ይወጣል። አናቱ ላይ ቁጢጥ ይላል። ንስር ከበላዩ ይዞራል፣ ካርታው ይከፈታል። ከዚያ ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ቁልቁል ይወረወርና የሳር ጋሪ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲህ ፍሎረንስ ሄድን፣ ቁስጥንጥንያ ሄድን። ፓሪስ፣ ለንደን፣ ግብፅ፣ ግሪክ፣ እንግሊዝ፣ ባግዳድ፣ ጃፓን። ሰውዬው ቆቡን ቀየረ እንጂ አሁንም ግንቡ ላይ ነው።

እማዬ በቀደም ቡና ይዛልኝ ገባችና ቴሌቪዥኑን ትክ ብላ አየችው።

«ይሄ ሰውዬ ዛሬም እዚያ ግንብ ላይ ነው? ልጅ እያለህም እዚያው አልነበር?»

«ይሄ ሌላ ነው እማዬ። ያኛው ጣሊያን ነበር፣ ይቺኛዋ ጃፓናዊት ናት።»

«እሷስ ምን ልትሠራ ወጣች?»

«አካባቢውን ለማየት።»

«አየቻ! ትውረድ።»

እማዬ ሥነ ጥበብ አይገባትም።

አባቶቻችን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እያሉ በሬውን ሲወቅሱ ኖረዋል። የኛ ነገር ከበሬው ይለያል። እኛ ሳሩንም እናያለን፣ ገደሉንም እናያለን፣ የገደሉን ቁመት በሜትር እናውቃለን። አስልተን ነው የምንዘለው። ይህንን ነው ፕሪኦርደር የሚሉት። ያልታየ ዕቃ ላይ ገንዘብ ማስቀመጥ ነው። ዕቁብ በሉት፤ ልዩነቱ ዕጣው ሁሌም ለሰብሳቢው መውጣቱ ብቻ ነው።

ለቀማውም መመስገን አለበት። በመጀመሪያው ጌም ውስጥ የተበተኑት ባንዲራዎች 420 ናቸው። አራት መቶ ሃያውንም ጣሪያ ለጣሪያ እየዘለለ የለቀመ ሰው ምን አገኘ? በፕሌስቴሽን 3 ከሆነ የተጫወተው፣ ምንም። ዋንጫ የለ፣ ሰርተፍኬት የለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል የለ። ንጹሕ በጎ ፈቃድ! በ2009 የወጣው ሁለተኛው ትንሽ ለሰስ አለ። መቶ የወፍ ላባ አለ። ወንድሙን የሰቀሉበት ኢዚዮ የሚባል ልጅ፣ በሐዘን አፏ ለተዘጋ እናቱ ላባ ይለቅማል። መቶው ሲሞላ እናት ትናገራለች፤ ለልጁም ካባ ይሰጠዋል። ካባውን ሲደርበው በየከተማው ያለ ዘበኛ ሁሉ ያሳድደዋል። የሽልማቱ ጥቅም እሱ ነው፣ ሌላ የለውም። ዘጠና ሰባተኛዋን ላባ ፍለጋ ቬኒስ ጣሪያ ላይ ስዞር ነበር እማዬ የጠየቀችኝ፤

«ላባውን ለማን ነው?»

«ለእናቱ።»

ዝም አለች። ቡናዋን ፉት አለችና፣

«እኔ ሽንኩርት አምጣ ካልኩህ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አለች።

ሰውን ከኋላ መከተልም አለ። ሁለት ሰዎች እያወሩ ይሄዳሉ፣ አንተ ኋላ ኋላ ትላለህ። ከቀረብክ ይነቁብሃል፣ ከራቅክ ይጠፉብሃል። ስትራመድ ከነሱ ታንሳለህ፣ ስትሮጥ ትበልጣቸዋለህ። ይህን ሥራ በኛ ሰፈር ጎረቤት በነፃ ይሠራዋል፤ ፈረንጅ ግን ከፍሎ ይማረዋል።

ዋናው ምስጋና ግን ለ2014 ነው። «ዩኒቲ» ወጣ፣ የፈረንሳይ አብዮት። አንዳንዱ ሰው ጋ የገፀ ባሕርያቱ ፊት ሳይጫን ቀረ። ሁለት ዓይን፣ ሁለት ረድፍ ጥርስ፣ በወጉ የተበጠረ ፀጉር፤ መሀል ላይ ግን ፊት የለም። ዓይንና ጥርስ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ፍቅር ያወራል። ፊት አይቶ የማያዳላ ጌም ማለት ይህ ነው። ኩባንያ ደንበኛውን ፊት ሲነሳ በቃላት ነበር የምናውቀው፤ እንዲህ በሥዕል ያሳየን ግን እሱ ነው። ደግሞ ጋዜጠኞች ግምገማቸውን እንዳያወጡ የተከለከሉት ጌሙ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ከጀመረ 12 ሰዓታት እስኪሞላው ድረስ ነበር። ለገዢው አስበው ነው። ሰው የገዛውን ዕቃ ነውር ከሌላ አፍ ሲሰማ ያማል፤ በራሱ ቢደርስበት ይሻላል።

ጌሙ ውስጥ እስከ 100 ዶላር የሚደርስ የሳንቲም ጥቅልም ይሸጥ ነበር። ፊቱ በጥቅሉ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ይቅርታ መጣ። ተጨማሪው ክፍል ለሁሉም በነፃ ሆነ። ከዚያም የዓመቱን ፓስ (ገና ላልወጡት ተጨማሪ ክፍሎች የሚከፈለውን) አስቀድመው ለገዙት፣ ማለትም ለኛ ለጎበዞቹ፣ አንድ ጌም በነፃ ምረጡ ተባለ። ከምርጫዎቹ አንዱ ምን መሰላችሁ? ያለፈው ዓመት አሳሲንስ ክሪድ። ወጡ ጨው በዛበት ላለ ሰው «ይቅርታ፣ የትናንቱን እናምጣልህ?» እንደማለት ነው። ስጦታውን የተቀበለም በዚህ ጌም ጉዳይ ላይከስስ መስማማቱ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ። እኛ ለሦስተኛው አስቀድመን ከፍለናል።

ሽሙጡን ለአንድ ደቂቃ ላቁም። የዩኒቲዋ ፓሪስ ውብ ነበረች። ኖትረ ዳምን ድንጋይ በድንጋይ የሳሉት ሰዎች እጃቸው ይባረክ። በ2019 ካቴድራሏ ስትቃጠል ኩባንያው 500,000 ዩሮ ሰጠ፣ ጌሙንም በኮምፒውተር ለሚጫወት ሁሉ ለአንድ ሳምንት በነፃ ለቀቀው። ያኔ ሙገሳው ጎረፈ። አምስት ዓመት ሙሉ ሲሰደብ የከረመው ጌም ዋጋው ዜሮ ሲሆን ለካ ቆንጆ ነው!

በ2016 ዋና ጌም ሳያወጡ ቀሩ። በቃ አርፉ፣ ዓመት በዓመት አታውጡ ብለን የለመንን እኛው ነበርን። ዓመቱን እንደ ሁዳዴ ጾምነው። በሦስተኛው ወር «ጌሙ የት ገባ?» ማለት ጀመርን።

ከጾሙ በኋላ የመጣው ፍስክ ግን ጉድ ነው። ግብፅ ገባን፣ ቀጥሎ ግሪክ። ግሪኩ «ኦዲሲ» በ2018 ሲወጣ ስሙ ላይ «ገዳይ» የሚል አለ፣ ውስጡ ግን መግደል ብርቅ ሆነ። ግማሽ ሰዓት በሳር ውስጥ ተስበህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ፣ ከኋላው ደርሰህ ማጅራቱ ላይ ትሰካለህ። ሰውዬው ደረጃው ካንተ ከበለጠ አይሞትም። ከደሙ ሲሶውን ያጣና ዞር ብሎ ያይሃል። አስተያየቱ ሰላምታ የነፈግከው የቀበሌ ሊቀመንበር አስተያየት ነው። እንዲህ ያለ ሰብአዊነት የት ይገኛል? ደረጃህን ለማሳደግ በየደሴቱ እየዞርክ የሰው ፍየል ስትፈልግ ትከርማለህ። ይህ የሰለቸው ሰው ደግሞ 10 ዶላር ገደማ ከፍሎ ልምዱ በአንድ ተኩል ፍጥነት እንዲያድግ ማድረግ ይችል ነበር። ጌሙን ገዝተህ፣ ጌሙ ቶሎ እንዲያልፍልህ ትከፍላለህ። አዝማሪ ዝም እንዲል መሸለም ይሏችኋል ይህ ነው።

«ቫልሃላ» በ2020 መጣ። ዋናውን ታሪክ ብቻ ለመጨረስ 60 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሳይተኙ ሁለት ቀን ተኩል። ተራው እትም 60 ዶላር፣ «የወርቅ እትም» 100። እኔ ቅኔ ቤት ሳልገባ ሰምና ወርቅ የገባኝ ያኔ ነው። ሰሙ 60፣ ወርቁ 100፤ ምስጢሩ ሁለቱም ውስጥ ያው ግንብ መኖሩ ነው። ወርቁን ገዛሁ። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው ያለው። እሱ በካርዱ ይከፍልልኛል፣ እኔ እዚህ ለእናቱ በብር እሰጣለሁ።

ረዘመ ብለን ጮኽን። ሰሙን። በ2023 «ሚራዥን» አወጡ፤ ባግዳድ፣ ትንሽ ከተማ፣ ድብቅ ግድያ፣ ልክ እንደ ድሮው፤ ዋጋውም 50 ዶላር። አጠረ ብለን ጮኽን።

እኔና ጓደኞቼ አሁን የቀረን አንድ ምኞት ነው፤ ወደኛ አገር እንዲመጡ። ጎንደር ይሁን ስንባባል አንዱ ላሊበላ ይሻላል አለ። ነገሩ ሲታሰብ አስቸጋሪ ሆነ። ላሊበላ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። ሰውዬው የቱን ግንብ ሊወጣ ነው? ጉድጓድ ወርዶ ካርታ የሚከፍት ንስር ሊሠሩ ነው? ለኩባንያው አዘንንለት።

ታማኝነታችን በይፋ የተፈተነው ግን በ2024 መስከረም ነው። የጃፓኑ «ሻዶውስ» በኅዳር ሊወጣ ነበር፤ ወደ የካቲት ተገፋ፣ በኋላ ደግሞ ወደ መጋቢት 2025። ኩባንያውም ፕሪኦርደር ላደረገ ሁሉ ገንዘቡን እመልሳለሁ አለ። እንደገና አስቀድሞ ለሚከፍል የመጀመሪያው ተጨማሪ ክፍል በነፃ ይሰጠዋል ተባለ። በታሪካችን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብን አያውቅም። ገንዘባችን ወደ እጃችን ተመለሰ። ነፃ ሰዎች ሆንን።

የአክስቴ ልጅ በሌሊት ደወለ።

«ስማ፣ ብሩ ተመለሰ።»

«የቱ ብር?»

«የጌሙ። አምና ያልካቸውን ሁሉ አስታውሰህ አስብበት። ምን ላድርገው?»

አሰብኩ። ፊት የሌላቸውን ፓሪሳውያን አስታወስኩ። መቶውን ላባ አስታወስኩ። ማጅራቱ ላይ ሰክቼበት ዞሮ ያየኝን ግሪካዊ አስታወስኩ።

«መልስላቸው» አልኩት።

ጌሙ መጋቢት ላይ ወጣ። ቆንጆ ነው። ዛፉ፣ ነፋሱ፣ በረዶው፣ ሁሉም ቆንጆ ነው። ዛፍ መሀል ግንብ አለ። አናቱ ላይ ስትወጣ ካርታው እንደ ድሮው ምልክት አያፈስም፤ ራስህ ሂድና ፈልግ ይላል። ምልክት በዛ ብለን ስንጮህ የኖርነው እኛ፣ ምልክቱ የት ሄደ ብለን ለመጮኽ ሁለት ቀን አልፈጀብንም።

በ2022 ሌላም አሳውቀው ነበር፤ የሥራ ስሙ «ሄክሰ»፣ በጀርመንኛ ጠንቋይ ሴት ማለት ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር በስልክ ስለሱ ስናወራ እማዬ ከጓዳ ሰማች።

«ጠንቋይ ነው ያልከው?»

«ጌም ነው እማዬ።»

«ግንብ አለው?»

«ሳይኖረው ይቀራል?»

«በል ተነስ። መጀመሪያ ሽንኩርቴን አምጣ።»

ጉሊት ሄድኩ። እማዬ ሽንኩርት ስትገዛ ታውቋታላችሁ፤ አንድ በአንድ ጨብጣ፣ አገላብጣ፣ አሽትታ፣ ሦስት ጊዜ ጥላ ሄዳ ነው። እኔ ሁለት ኪሎ አልኩ፣ ሴትየዋ መዘነችልኝ፣ ከፈልኩ። ቤት ስደርስ እማዬ ፌስታሉን ገለበጠችው። ግማሹ በስብሷል፣ ሩቡ አቆጥቁጧል።

«ሳታይ ነው የገዛኸው?» አለችኝ።

«አይቼ ነው» አልኳት።